ሦስት ሞክሼዎቼ

ስሜን አልናገርም። አፍሬበት አይደለም፤ ጋምቤላ ገበያ መሃል ቆሞ ስሜን ጮክ ብሎ የጠራ ሰው ግማሹ ገበያ ዞሮ ያፈጥበታል። ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣ ስም ነው። ኦርቶዶክሱ ያወጣዋል፣ ጴንጤው ያወጣዋል፣ እስላሙም ትንሽ አጠፍ አድርጎ ያወጣዋል። አኙዋኩም፣ ኑዌሩም፣ ደገኛውም ሴት ልጅ ስትወለድለት እዚሁ ስም ላይ ይረባረባል፤ ሌላ ስም የጠፋ ይመስል። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ስሙን በእናቱ እንዳወጣልኝ ይምል ነበር። እናቴ ደግሞ በዚያን ጊዜ በሬዲዮ ብቅ ባለች አንዲት ወጣት ዘፋኝ ነው ትላለች፤ ዘፈኗ በመጣ ቁጥር አባቴ የሚያርመውን ፈተና አስቀምጦ ጣሪያ ጣሪያ ያይ ነበር አሉ። ሁለቱም በዚህ ጉዳይ ሳይስማሙ ሞቱ።

ለነገሩ በስሜ የሚጠራኝ የለም። ነርስ ነኝ፤ አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሕፃናት ስከትብ ነው። ኒውላንድ ሰፈር ያሉት ጎረቤቶቼ፣ የባጃጅ ነጂዎቹ፣ የጤና ጣቢያው ዘበኛ፣ ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚሉኝ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በስሜ የሚጠራኝ ሲቆጣ ብቻ ነበር። ስለዚህ እስከ ዛሬ ስሜን ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ምን አጠፋሁ የሚል ሐሳብ ነው።

የመጀመሪያዋን ሞክሼዬን ያገኘኋት አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የአኙዋክ ልጅ ናት፤ ያኔውኑ ከአስተማሪዎቹ ትረዝም ነበር። ከደጋ አዲስ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ስም ሲጠራ ሁለታችንም «አቤት» አልን። ትንሽ አሰበና እኔን ቀይዋ፣ እሷን ጥቁሯ ብሎ እንደሚጠራን ነገረን፤ ትልቅ እንቆቅልሽ የፈታ መስሎት ፈገግ አለ። እሷ ከመቀመጫዋ ተነሳች። መነሳቷ ራሱ ጊዜ ይወስድ ነበር። እኛን በቀለም ከለየን እሱን ደግሞ ከሌሎቹ አስተማሪዎች በምን እንደምንለየው በትሕትና ጠየቀችው። ከዚያ «እኔን ረጅሟ ይበሉኝ» አለችው። አስተማሪው ቀና ብሎ አያትና ተስማማ፤ ክፍሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እሷ ረጅሟ ከተባለች እኔ ምን ልባል እንደሆነ የገባኝ ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጭሯ ሆኜ ቀረሁ። ለፍትሕ የሚደረግ ትግል ሁልጊዜ አንድ ሰው ላይ ይወድቃል፤ በዚያ ቀን እኔ ላይ ወደቀ። ጓደኛሞች የሆንነው ግን የዚያኑ ዕለት ነው።

ረጅሟ እንዲህ እየተናገረች አደገችና ፖለቲካ ውስጥ ገባች። ከወረዳ ወደ ክልል ምክር ቤት፣ ከምክር ቤት ወደ ቢሮ ኃላፊነት ወጣች። ንግግሯ እንደ ቁመቷ ነው፤ ጫፉን አያለሁ ያለ አንገቱን ያመዋል። ቢሆንም ሰው ያዳምጣታል። በየመሐሉ አንዳንድ እውነት ጣል ታደርጋለች፤ እውነቱ የትኛው ላይ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ማንም ደፍሮ አይተኛም።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የካቲት መጨረሻ ላይ፣ የሴቶች በዓል ሲከበር ነው። የዚያን ዓመት አዘጋጇ ረጅሟ ነበረች። ስሟን የሚጋሩ የታወቁ ሴቶችን አንድ መድረክ ላይ ለማውጣት አሰበች፤ አኙዋኳ፣ ኑዌሯና ደገኛዋ በአንድ ስም ሲጠሩ ሰው ቢያይ ከብዙ ስብሰባ ይሻላል አለች። ከደጋ የምትመጣው፣ ያቺ እናቴ የጠረጠረቻት ዘፋኝ ራሷ ሆነች። ሴትዮዋ ካሴት ካወጣች ዘመን አልፏል። ድምጿን የማያውቅ የለም፤ መልኳን የሚያውቅ ወጣት ግን የለም። እንደ ፎቶዋ የሚታየው አንድ የድሮ የካሴት ሽፋን ብቻ ነው፤ እሱም ላይ የሚታየው ግማሹ አፍሮ ጸጉር፣ ግማሹ ጉትቻ ነው። ከደቡብ ሱዳን ስደተኞች ደግሞ ጀዊ ካምፕ ያለች አንዲት የኑዌር መዘምር ተጋበዘች። መዝሙሯ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላከ ከካምፑ አልፎ ከተማ ገብቷል። የቢሮውን ወንበር ወክላ ረጅሟ ራሷ ሦስተኛ ሆነች። እኔን የጋበዘኝ የለም። ክትባት እንደ ታዋቂነት አይቆጠርም።

ቅርም አላለኝም፤ የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ስለምታገባ እዚያ ነበርኩ። የተመለስኩት በበዓሉ ዕለት ጠዋት ነው። ጸጉሬን የሙሽራዋ ሚዜዎች ወደ ላይ ቆልለውት፣ ያንን ማፍረስ ስላሳዘነኝ እንዳለ ይዤው መጣሁ። የወንድሜን ሚስት ትልልቅ ጉትቻዎች እንዳደረግኩ ነኝ። ዓይኔ እንቅልፍ ከማጣት አብጦ ስለነበር ሰፊ ጥቁር መነጽር ደፍቼበታለሁ። አውሮፕላኑ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ጠና ያሉ ሴት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ገና ሳንነሳ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስናርፍ ነቁና ጋምቤላ ሙቀት አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። «ትንሽ» አልኳቸው። የአገር ልጅ ነኝና አገሬን ማሳጣት አልወድም።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ስወጣ፣ በዚያ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ከነክራቫቱ የለበሰ ወጣት አበባ ይዞ ቆሟል። በሌላ እጁ የያዘው ወረቀት ላይ ስሜ በትልቁ ተጽፏል። ረጅሟ መኪና የላከችልኝ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ቀረብ አልኩና ያቺ እኔ ነኝ አልኩት። አበባውን አስታቀፈኝ፣ እጄን በሁለት እጁ ያዘና «አርቲስት፣ እንኳን ደህና መጡ» አለኝ።

አርቲስት ሳልሆን ነርስ እንደሆንኩ ወዲያው ነገርኩት። ሳቀ። አርቲስቷ ቀልድ እንደሚወዱ አስቀድሞ ተነግሮት ኖሯል። ይህን ሲለኝ ሻንጣዬ ተጭኖ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ፊቴ ላይ ይነፍስ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ክርክራችን የተካሄደው በዚያ አየር ውስጥ ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በእኔ በኩል ብዙም አልጠነከረም።

ልጁ የበዓሉ አስተባባሪ ነው፤ ሥራ ከጀመረ ገና አጭር ጊዜው ነው፤ ከደጋ መጥቶ የመጀመሪያው ትልቅ ኃላፊነቱ እኔን መቀበል ሆነ። ዘፈኖቼን እየሰማ እንዳደገ፣ እናቱ አንዱን ሲሰሙ ሁልጊዜ እንደሚያለቅሱ አጫወተኝ። እንደገና ነርስ ነኝ አልኩት፤ ኒውላንድ ነው ቤቴ አልኩት። እንደገና ሳቀ። በመጨረሻ መታወቂያዬን አውጥቼ ሰጠሁት። ስሜን አነበበና «ታዲያ?» አለኝ። የአባቴን ስም እንዲያይ ልነግረው ስል፣ ለሰባ ዓመት ሰው እንዴት አምሮብኛል ብሎ አሞገሰኝ። እኔ ገና ሃምሳዬን እየተለማመድኩ ነበር። ከዚያ በኋላ ጀዊ እስክንደርስ ላስረዳው አልሞከርኩም፤ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ተቀየምኩ።

ጀዊ የተያዘው ፕሮግራም መዘምሯን ከነጓደኞቿ አንስቶ ወደ ከተማ ለመሄድ ነው። የመውጫ ፈቃዳቸው ቀድሞ ተጨርሷል። ስንደርስ ሴቶቹ ደማቅ ልብስ ለብሰው፣ ከበሮ ይዘው ዛፍ ጥላ ሥር ተሰልፈዋል። የካምፑ ሠራተኞች ከፊት ቆመዋል፤ ሕፃናቱ ደግሞ ዘፋኝ ይመጣል ስለተባሉ በሁሉም በኩል ግጥም ብለዋል። ከበሮው ተመታ። አስተባባሪው ቀድሞኝ ወርዶ በሬን ከፈተ። እኔም አበባዬን ታቅፌ ወረድኩና፣ ስለወበቀኝ መነጽሬን አንስቼ ላቤን ጠረግሁ።

ከፊት የነበረች አንዲት ሕፃን አየችኝ። አፏን ከፈተች፤ ድምፁ ትንሽ ዘግይቶ መጣ። ከዚያ ዞራ ሮጠች። አጠገቧ ያሉት ወዴት እንደምትሮጥ ሳይሆን ከምን እንደምትሮጥ ለማየት ወደ እኔ ዞሩና እነሱም ተፈተለኩ። ለካስ ባለፈው የክትባት ዘመቻ የዚያን ሰፈር ልጆች አንድ በአንድ የወጋሁት እኔ ነኝ። አፍታ ሳይቆይ ከሜዳው ላይ የቀሩት አዋቂዎች፣ ፍየሎችና የአንድ ልጅ ነጠላ ጫማ ነበሩ። በኑዌርኛ የሚጮኹት ምን እንደሆነ አስተባባሪው የካምፑን ሠራተኛ ሲጠይቀው ሠራተኛው ልጆቹን ሊመልስ ተከትሏቸው ሮጠ።

መዘምሯ ግን ከበሮዋን መሬት አስቀምጣ ጉልበቷን ይዛ ትስቃለች። ወደ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ቀጠን ያለች፣ ልጆቿን ሁሉ እኔ የከተብኩላት እናት ናት። አማርኛዋን የለመደችው ከተማ ገበያ ውስጥ ነው። ስቃ ስትጨርስ ወደ አስተባባሪው ቀረበች።

«ይቺ ዘፋኝ አይደለችም» አለችው። «ይቺ መርፌ ናት።»

መርፌ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቃት። ክንዷ ላይ በጣቷ ጠቅ አድርጋ አሳየችው። አስተባባሪው እኔን አየ፣ ባዶውን ሜዳ አየ፣ የያዝኩትን አበባ አየ። ከዚያ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠና ክራቫቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ላላ አደረገው። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ደወለ። አውሮፕላኑ ተመልሶ ሄዷል፤ ዘበኛው ብቻ አለ፤ ተሳፋሪ አንድም አልቀረም አሉት። ዘፋኟን የት እንዳደረስናት የሚያውቅ የለም። ከተማ ውስጥ ሕዝብ አዳራሽ ሞልቶ ይጠብቃል።

ምርጫ ስላልነበረ ወደ ከተማ ቀጠልን። መዘምሯ ከእኔ ጋር ተቀመጠች፣ ጓደኞቿ ከኋላ ባለው መኪና ተጫኑ። በመንገድ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ አስተባባሪው ለምን እንደሚያለቅስ ጠየቀችኝ። ላብ ነው አልኳት። አላመነችኝም፤ ቀስ ብላ መዝሙር ጀመረችለት።

አዳራሹ ደረጃ ላይ ረጅሟ ከእንግዶቿ ጋር ቆማለች። መኪናው ሲቆም እልልታው ቀለጠ። እኔ ወረድኩ። ረጅሟ ፈገግታዋ ሳይነቃነቅ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ እንደ ልማዷ ከላይ ጎንበስ ብላ አቀፈችኝና በጆሮዬ፣ «አንቺ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ።

«ስሜ ተጽፎ አየሁና መጣሁ።»

«ዘፋኟስ?»

ከማን ጋር እንዳሉ እግዜር ይወቅ አልኳት። ፈገግታዋን እንደያዘች እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ወሰደችኝና ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ለመዘምሯ መድረኩን ለቃ፣ እኛ እስክንመለስ ድረስ እንዳታቆም ነገረቻት። መዘምሯ ይሄ ምንም የሚያስቸግር አይደለም አለች፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ እሑድ ከጀመረች ሰዎቹ ናቸው እባክሽ በቃን የሚሏት።

የበሩን ዘበኛ ስንጠይቀው ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። እኛ ጀዊ ሳለን አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴትዮ በባጃጅ መጥተው ዘፋኟ እኔ ነኝ ብለውት ነበር። እሱም ዘፋኟ በቢሮው መኪና እንደምትመጣ ተነግሮታል፤ በባጃጅ የሚመጣ ዘፋኝ አያውቅም። ስማቸውን ሲነግሩት ደግሞ የሚስቱም የእህቱም ስም ያው ስለሆነ ብዙም አልተደነቀም። በሥርዓት መለሳቸው። ወዴት ሄዱ ብትለው ረጅሟ፣ «ወንዙ የት ነው ብለው ጠየቁኝ፣ አሳየኋቸው» አላት።

ረጅሟ ወንዙ የሚለውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ወንዛችን ባሮ አዞ አለው። የክልሉ እንግዳ፣ ያውም በሴቶች በዓል ዕለት፣ ያውም በእሷ ግብዣ መጥታ አዞ ቢበላት በየትኛው ሪፖርት እንደሚገባ እያሰበች መሆኗን አውቄያለሁ፤ እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር። መኪናዋ ውስጥ ገባንና ወደ ወንዙ ዳርቻ በረርን።

የድሮው ወደብ ጋ፣ ከሱዳን የሚመጡ መርከቦች ይቆሙበት በነበረው ቦታ፣ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ወንዶች ራቅ ብለው ገላቸውን ይታጠባሉ፣ አንድ ሁለት ታንኳ ጥላ ፈልጎ ቆሟል። ከማንጎው ዛፍ ሥር አንዲት ሴት ዓሣ ትጠብሳለች። እሷ አጠገብ፣ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ድረስ ሰብስበው፣ የተገለበጠ ጄሪካን ላይ ተቀምጠው፣ ጠና ያሉ አንዲት ሴትዮ ዓሣ በእጃቸው እየፈለቀቁ ይበላሉ። ነጠላቸው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሏል። ፊታቸውን ሳይ ደነገጥኩ። አውሮፕላኑ ላይ አጠገቤ የተኙት ሴትዮ ናቸው።

እሳቸውም አወቁኝ። አጥንቱን ከአፋቸው አወጡና፣ «ትንሽ ነው ያልሽኝ ሙቀት ይሄ ነው?» አሉኝ።

ረጅሟ ልብሷን አስተካክላ በክልሉ መንግሥትና በሴቶች ስም ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ዘፋኟ እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ተቀመጪ። አንገቴን አሳመምሽኝ።» ረጅሟን እንዲህ ያላት ሰው በሕይወቴ አላየሁም። ሌላ ጄሪካን ተሰጣትና ተቀመጠች፤ ጉልበቶቿ ጆሮዋ ድረስ መጡ።

ዘፋኟ አልተቆጡም። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ማንም ሳይቀበላቸው ሲቀር መጀመሪያ ንዴት እንደያዛቸው ነገሩን። ከዚያ የባጃጁ ነጂ ምን እንደሚሠሩ ሲጠይቃቸው ጡረተኛ ነኝ አሉት፤ ሰውየው እስከ ከተማ ድረስ አማቱን ሲያማ መጣ። ዘበኛው ሲመልሳቸው ደግሞ ቅልል አላቸው። ወንዙ ዳር አንዲት አጣቢ የአንሶላ ጫፍ አስይዛቸው አብረው ጨመቁት፤ ማን እንደሆኑ ሳትጠይቅ ሌላውን ደግሞ አቀበለቻቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰው ሳያፈጥባቸው ዓሣ በልተው እንደማያውቁ ነገሩን። አበላላቸውን ላየ ይህ እውነት መሆኑ አያጠራጥርም።

ረጅሟ አዳራሹ እየጠበቀ እንደሆነ ቀስ አድርጋ አስታወሰቻቸው። ዘፋኟ ውሃውን እያዩ እጃቸው ላይ የቀረውን ቅባት በአሸዋ ማሸት ጀመሩ።

«ድምፄ ከሄደ ቆይቷል» አሉ። «ሰው የሚጠብቀው ካሴቱን ነው። እኔ ካሴቱ አይደለሁም።»

ግብዣውን እሺ ያሉት ደስ ብሏቸው ነው፤ ቀኑ ሲቀርብ ግን ፍርሃት ይዟቸው እንቅልፍ አጡ። አውሮፕላኑ ላይ የተኙት ያንን ያጡትን እንቅልፍ ነው። እኔ ደግሞ አጠገባቸው ሆኜ ማንኮራፋታቸውን በሆዴ ሳማ ነበር።

ረጅሟ ምን ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ንግግር የምትጀምር መስሎኝ ነበር፤ አልጀመረችም። እሷም መድረክ ላይ ያን ያህል የምታስረዝመው ለምን እንደሆነ ነገረቻቸው። ንግግሯ ካለቀ ሰው ጥያቄ ይጠይቃል፤ ስለ ውሃ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ትምህርት ቤት፤ ለብዙው መልስ የላትም። ይህን ለእኔ እንኳን ነግራኝ አታውቅም። በሁለቱ መሃል ተቀምጬ፣ እኔ ዛሬ ጠዋት ሙሉ ያለ አንዳች ድምፅ ዘፋኝ ሆኜ እንደዋልኩና ከሕፃናቱ በቀር የተጎዳ ሰው እንደሌለ ነገርኳቸው። የሕፃናቱን ነገር ስተርክላቸው ዘፋኟ ሳቁ፤ ሲስቁ ያ በሬዲዮ የማውቀው ድምፅ ከውስጥ ብቅ አለ። ትንሽ የሻከረ ነው፤ ቢሆንም እሱ ነው። የቀረውን ዓሣ ጨርሰው፣ እጃቸውን ባሮ ውስጥ ታጥበው ተነሱ።

አዳራሹ ስንመለስ ሕዝቡ ተቀምጦ የሚጠብቅ መስሎን ነበር። ወንበር ላይ ያለ ሰው አልነበረም። መዘምሯ ሁሉንም አስነስታ ታዘልላለች፤ አስተባባሪው ኮቱን አውልቆ ከበሮ ይመታል፣ ያውም በስህተት። ዘፋኟ በመሃል ሲያልፉ ዞሮ ያያቸውም፣ መንገድ የለቀቀላቸውም የለም። ሕዝቡ ፊተኛው ወንበር ላይ ስቀመጥ ስላየ ዘፋኟ እኔ መስዬዋለሁ። ረጅሟ መድረክ ላይ ወጣችና በሕይወቷ አጭሩን ንግግር አደረገች። ስህተት መፈጠሩን፣ ቀደም ብላ የገባችው የጤና ጣቢያዋ ሲስተር መሆኗን፣ እውነተኛዋ እንግዳ እኚህ መሆናቸውን ተናግራ ወረደች። ሰዉ አላመነም፤ ንግግሩ ማለቁን ማለቴ ነው። ትንሽ ቆይቶ አጨበጨበ።

ዘፋኟ ሁሉም የሚያውቀውን ዘፈናቸውን ጀመሩ። መግቢያው ላይ መልካም ነበሩ። ዜማው ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ ድምፃቸው ተሰነጠቀና ቆሙ። እኔ ወደ እግሬ አየሁ። መዘምሯ ዳር ላይ ቆማ ነበር፤ ቃሉን አታውቀውም፣ ዜማውን ግን አንድ ጊዜ ከሰማችው ይበቃታል። ዘፋኟ የተዉትን ከፍታ በኑዌርኛ ያዘችውና ወጣችበት። ምን እንዳለች ያኔ አልገባኝም፤ በኋላ ስጠይቃት እግዚአብሔርን ስለ ውሃ ማመስገኗን ነገረችኝ፤ የዘፈኑ ግጥም ግን ስለ ከዳተኛ ወንድ ነው። ዘፋኟ ዞረው አዩዋት። ማይክሮፎኑን ለሁለት እንዲሆን ወደ መሃል አደረጉትና ዝቅ ያለውን እሳቸው፣ ከፍ ያለውን እሷ እየያዙ ጨረሱት። ትልልቆቹ አለቀሱ፣ ወጣቶቹ በስልካቸው ቀረጹ። እኔ ከሁለቱም ወገን ነበርኩ፤ እያለቀስኩ ስቀርጽ የቀረጽኩት የራሴን ጣት ሆኖ ተገኘ።

መጨረሻ ላይ ሞክሼዎች ሁሉ ይውጡ ተብሎ እኔም ተጠራሁ። ፎቶ ተነሳን። ከረጅሟ አጠገብ ስላቆሙኝ ፎቶው ላይ ከእኔ የሚታየው የሠርጉ ጸጉር ብቻ ነው።

ዘፋኟ ሆቴል አልገባም ብለው እኔ ቤት ኒውላንድ አደሩ። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ የወላጆቼን ጠብ ነገርኳቸው፤ አባቴ የትኛውን ዘፈን ሲሰማ ፈተና ማረም እንደሚያቆም እናቴ የነገረችኝን እያንጎራጎርኩ አስታወስኳቸው። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ። «ያ ዘፈን የእኔ አይደለም» አሉ። የሌላ ዘፋኝ ነው፤ ስሟም ሌላ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የቀናችው በማይመለከታት ሴት ነበር ማለት ነው። አባቴም በዝምታው የቀበረው ምን እንደሆነ አሁን የሚነግረኝ የለም። ዘፋኟ እንቁላላቸውን እየበሉ ወንዶች ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው አሉ፤ አስተያየታቸው ይኸው ነበር።

ረጅሟ በሚቀጥለው ሹም ሽር ከቢሮው ተነሳች። ከበዓሉ ጋር የሚያያዝ ነገር የለውም፤ ወንበር ሲቀያየር የሚነሳ መኖር አለበት። እኔ ላጽናናት ብሄድ እሷ ዶሮ ልታረባ አጥር ስታሳጥር አገኘኋት። አሁን የሰፈሯ ውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት፤ ስብሰባ ላይ በአጭሩ ተናግራ ጥያቄ እስኪመጣ ትጠብቃለች። መልስ ሲጠፋት አላውቅም ትላለች። ይህን ያየ ሰው ታማ ነው እያለ እኔ ጋ መጥቶ ይጠይቀኛል። አስተባባሪው ደግሞ ወደ ደጋ ይቀይሩኛል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አልቀየሩትም። ሱፉን ሸጦ ሸሚዝ በለበሰ ጊዜ ሰው ሆነ።

ዘፋኟ በቀጣዩ በጋ ማንም ሳይጋብዛቸው ተመልሰው መጡ። ለዓሣ ነው አሉ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ከመዘምሯ ጋር ኒውላንድ ባለች አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ መዝሙር ቀረጹ። ዘፋኟ መዝሙር ዘምረው አያውቁም፤ መዘምሯ ዘፈን አልዘፍንም ስላለች እሳቸው ተሸነፉ። ክፍሏ ከቁም ሣጥን ብዙም አትሰፋም። አየር ማቀዝቀዣው ድምፅ ስለሚያስገባ ጠፍቷል፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ፍራሽ ሙቀቱን አፍኖ ይዞታል። ረጅሟና እኔ ጥግ ላይ ተጣብቀን ተቀምጠን ትንፋሻችንን ውጠናል። ከፍራሹ የሚነሳው አቧራ አፍንጫዬን ያሳክከኛል። በጣም ቆንጆው ቦታ ላይ፣ ሁለቱ ድምፆች ሊገናኙ ሲሉ፣ አስነጠሰኝ።

ቀራጩ ራሱን ያዘ። ከመጀመሪያው እንጀምር አለ። ዘፋኟ ከዚህ በላይ አንድ ጊዜ እንኳን ከደገሙ እዚያው እንደሚወድቁ ነገሩት። ሁላችንም መዘምሯን አየን፤ መዝሙሩ የእሷ ነው። ላቧን በክንዷ ጠረገች።

«ተወው» አለችው። «ሲስተር ናት። ይማርሽ በላትና ቀጥል።»

ቀጠሉ። መዝሙሩ አሁን ከነማስነጠሴ ባጃጆቹ ውስጥ ይሰማል፤ ጀዊም እሑድ እሑድ ይሰማል አሉ።